ከመነጽር ቤት ጠረጴዛ ጀርባ፦ «ሽያጭ» ተብሎ የተመዘገበ ሙያ ታሪክ



በማኅበራችን የአባላት መዝገብ ላይ «የሥራ ዓይነት» የሚል ዓምድ አለ። በመነጽር ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ሲመዘገቡ በዚያ ዓምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ሽያጭ» ነው። በጠቅላላ ጉባኤያችን የሥልጠና ብድር ለየትኞቹ ሙያዎች እንደሚሰጥ ድምፅ እንሰጣለን። በቀረበው ረቂቅ ውስጥ ልብስ ስፌት፣ የፀጉር ሥራ፣ የምግብ ዝግጅትና የኮምፒውተር ሥራ ተካተዋል። የመነጽር ቤት ረዳትነት ግን የለም። የተሰጠው ምክንያት «ዕቃ ለመሸጥ ሥልጠና አያስፈልግም» የሚል ነው።

እኛ የቁጠባና የብድር ደብተር የምንይዝ አባላት ይህን ምክንያት ዝም ብለን ልናልፈው አልፈለግንም። እህቶቻችን በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ከየት እንደመጣ፣ ምን ዕውቀት እንደሚጠይቅና ሲበላሽ ማንን እንደሚጎዳ ሳናውቅ ድምፅ ብንሰጥ ሒሳቡን ሳይመረምር እንደሚፈርም ሰው እንሆናለን። ስለዚህ ታሪኩን አሰባስበን አቅርበናል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነጽር ያለ ቁጥር

መነጽር የተጀመረው በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በሰሜን ኢጣሊያ ነው። በ1306 በፍሎረንስ ከተማ ጆርዳኖ ዳ ፒሳ የሚባል መነኩሴ ባሰማው ስብከት የመነጽር አሠራር ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። የመጀመሪያው መነጽር ሁለት ጎባጣ ብርጭቆዎች አፍንጫ ላይ የሚቆሙበት ነገር ነበር። ጆሮ ላይ የሚያርፍ ዘንግ አልነበረውም። የሚያገለግለውም ለቅርብ ብቻ ነበር። ዕድሜያቸው ገፍቶ ጽሑፍ የራቃቸው ጸሐፊዎችና መነኮሳት ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ረዳቸው።

ወዲያው የጥራት ጉዳይ ተነሣ። በ1300 የቬኒስ ክሪስታል ሠራተኞች ማኅበር ተራ ብርጭቆን ክሪስታል ነው ብሎ መሸጥን ከለከለ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ለማንበቢያ የሚሆን የብርጭቆ ሌንስ መሥራት የሚፈልግ ሰው ዕቃውን በእውነተኛ ስሙ ብቻ እንደሚሸጥ ምሎ እንዲሠራ ፈቀደ። ገዢው ሌንሱን አይቶ ጥራቱን ሊለይ አይችልም፤ የሚያውቀው የሚሸጠው ሰው ነው። የዚህ ሥራ አደራ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የዓይን ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። መለኪያው ዕድሜ ነበር። በ1462 የሚላኑ መስፍን ፍራንቼስኮ ስፎርዛ ከፍሎረንስ ሦስት ደርዘን መነጽር ሲያዝዝ አንዱ ደርዘን ለወጣቶች ለሩቅ፣ ሌላው ለአረጋውያን ለቅርብ እንዲሆን ጠይቋል። ከአራት ዓመት በኋላ ልጁ በየአምስት ዓመት ዕድሜ የተመደበ 200 መነጽር አዘዘ። በ1623 ደግሞ ዳሳ ዴ ቫልዴስ የተባለ ስፔናዊ ስለ መነጽር አጠቃቀም ባሳተመው መጽሐፍ ለወንድና ለሴት የተለያየ የዕድሜ ሰንጠረዥ አወጣ።

ቤተ መንግሥት የሌለው ሰው ግን ሰንጠረዥም አልደረሰውም። ሸቀጡን በሣጥን አንጠልጥሎ ከሚዞር ነጋዴ እያነሣ ይሞክራል፣ ከሌላው የተሻለውን ይወስዳል። ይህ አገዛዝ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዛሬም በከተሞቻችን የእግረኛ መንገድ ላይ የማንበቢያ መነጽር ከቀበቶና ከቁልፍ መያዣ ጎን ተዘርግቶ ይሸጣል፤ እናቶቻችንም አንዱን አድርገው ሌላውን እየሞከሩ ይገዛሉ።

በመዶሻ የተሰበረው መነጽር

በ1629 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ለለንደን መነጽር ሠሪዎች ማኅበር የመቋቋሚያ ፈቃድ ሰጠ። ማኅበሩ ለማጅ ልጆችን ይመዘግባል፣ የሠሪዎችን ሥራ ይመረምራል፣ መጥፎ ዕቃ ካገኘም ይወርሳል። በ1671 በአንድ ምርመራ 22 ደርዘን መነጽር ሌንሱም ፍሬሙም ለሽያጭ የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። በደብተራችን አሠራር 264 መነጽር መሆኑ ነው። ማኅበሩ ፈረደበትና «የለንደን ድንጋይ» በሚባለው ጥንታዊ ድንጋይ ላይ በሰው ፊት በመዶሻ ተሰባበረ።

በዚያ ዘመን ሥራው የቤተሰብ ሥራ ነበር። ሱቁ ከፊት፣ ሌንስ መሞረጃው ከኋላ፣ መኖሪያው ከላይ ነው። በለንደን የሙያ ማኅበራት ልማድ ጌታው ሲሞት ሚስቱ ሱቁን ይዛ መቀጠል ትችል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይለመድም። ባሏ በሕይወት ሳለ ደንበኛ ስታስተናግድና ሒሳብ ስትይዝ የኖረች ሴት ብቻ ናት በማግሥቱ በር ከፍታ ሥራውን ልትቀጥል የምትችለው። በመዝገብ ላይ ግን የሚገኘው የባልየው ስም ነው። ሥራው የነበራት ስሙ ያልነበራት ሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው አለች።

ቁጥሩ ሲመጣ

የዛሬዋ ረዳት ሥራ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው ማለት ይቻላል። በ1801 ቶማስ ያንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ አስቲግማቲዝም የሚባለውን የዓይን መዛባት በራሱ ዓይን ላይ ለካ። በ1825 የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆርጅ ኤሪ ይህንኑ ችግር በራሱ ዓይን ላይ አግኝቶ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚጎብጥ ሌንስ፣ ማለትም በሲሊንደር፣ አቃናው። በ1851 ሄልምሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ ለዓለም አስተዋወቀ። በ1862 ስኔለን የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ዛሬ በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የምናየውን ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርድ የፊደል ሰሌዳ አወጣ። በ1872 ፈረንሳዊው ሞኖዬ ለሌንስ ኃይል መለኪያ «ዳዮፕተር» የሚለውን ስም አቀረበ።

በሰፈር ቋንቋ «የመነጽርሽ ቁጥር ስንት ነው?» የምንለው ይህንኑ ዳዮፕተር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድን በሜትር ርቀት ማካፈል ነው። ከሩቅ የመጣን ብርሃን በአንድ ሜትር ላይ የሚሰበስብ ሌንስ 1፣ በ50 ሴንቲ ሜትር የሚሰበስብ 2፣ በ25 ሴንቲ ሜትር የሚሰበስብ 4 ዳዮፕተር ነው።

ከዚያ በኋላ ምርመራውና ሽያጩ ተለያዩ። መርማሪው ዓይንን ለክቶ በወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ ያንን ወረቀት አንብቦ በአንድ ሰው ፊት ላይ በትክክል የሚቀመጥ ዕቃ የሚያደርግ ሌላ ሰው አስፈለገ። የመነጽር ቤት ረዳት በዚህ መካከል የቆመች ሰው ናት።

ሌንሱን ያሰላችው፣ ፍሬሙን የነደፈችው

ሴቶች ከጠረጴዛው ጀርባ ብቻ አልነበሩም። አና ኢስቴል ግላንሲ በ1883 የተወለደች አሜሪካዊት ናት። በ1913 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች፤ በአርጀንቲና ኮርዶባ በሚገኘው የኮከብ መመልከቻ ጣቢያም ሠራች። በ1918 በማሳቹሴትስ በሚገኘው አሜሪካን ኦፕቲካል ኩባንያ ተቀጠረች። እዚያ ከኤድጋር ቲልየር ጋር ሆና በመካከሉ ብቻ ሳይሆን በዳሩም ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ሌንስ ለማግኘት ሠራች። ኮምፒውተር ባልነበረበት ጊዜ የብርሃን ጨረር በሌንሱ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ አንድ በአንድ በቁጥር ማስላት ነበረባት። ኃይሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ለሚለወጥ ሌንስም የፈጠራ መብት አስመዝግባለች። የሒሳብ ሠራተኞች የሆንን እኛ ይህን ስናነብ ደስ ብሎናል። በዓለም ላይ ስንቱ ሰው የሚያይበት ሌንስ ከአንዲት ሴት የስሌት ወረቀት የወጣ ነው።

ሁለተኛዋ አልቲና ስኪናሲ ናት። በ1907 በኒው ዮርክ ተወለደች፤ የሱቅ መስታወት ታስጌጥ ነበር። በ1930ዎቹ በአንድ መነጽር ቤት መስኮት ስታልፍ የተደረደሩት ፍሬሞች ሁሉ የማይማርኩ መሆናቸውን አስተዋለች። ዳሩ ወደ ላይ የሚቀና፣ ኋላ «የድመት ዓይን» የተባለውን ፍሬም በወረቀት ቆርጣ ነደፈች። አምራቾች አንፈልግም አሏት። እሺ ያላት በኒው ዮርክ የሚገኝ አንድ መነጽር ቤት ነበር። በ1939 በዚሁ ሥራ የአሜሪካን ዲዛይን ሽልማት ተቀበለች። ይህን የምንጽፈው ለጌጥ ብለን አይደለም። መነጽር ታዝዞላቸው አያምርብኝም ብለው በቦርሳ ውስጥ የሚያኖሩ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። ለፊቷ የሚሆነውን ፍሬም በትዕግሥት የምታስመርጥ ረዳት መነጽሩ ዓይን ላይ እንዲውል ታደርጋለች።

አምስት ሚሊዮን ሰው ወረፋ ሲይዝ

ሐምሌ 1948 ብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ስትጀምር የዓይን ምርመራና መነጽር ለሁሉም በነጻ ሆነ። ከዚያ በፊት ብዙ ድሃ ሰው መነጽሩን ከተራ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ እየሞከረ ይገዛ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከአምስት ሚሊዮን በላይ መነጽር ታደለ። መንግሥት ይህን ያህል ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ ወረፋው በወራት የሚቆጠር ሆነ፤ በጀቱም አለቀ። በ1951 መንግሥት የመነጽርና የሰው ሠራሽ ጥርስን ግማሽ ዋጋ ሕዝቡ እንዲከፍል ሲወስን አገልግሎቱን ያቋቋመው ሚኒስትር አናይሪን ቤቫን ሥልጣኑን ለቀቀ። አንድ መንግሥት በመነጽር ዋጋ ሚኒስትሩን አጣ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሕዝቡ ዝም ያለው መነጽር ስላላስፈለገው ሳይሆን መግዣ ስላልነበረው መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው ሲበዛ በማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅ ግድ መሆኑን ነው። ብሪታንያ በ1958 ባወጣችው ሕግ ዓይን የሚመረምሩትንና መነጽር አዘጋጅተው የሚሰጡትን ባለሙያዎች ለየብቻ መመዝገብ ጀመረች። ዛሬም በዚያ አገር ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መነጽር የሚሰጠው በተመዘገበ ባለሙያ ወይም በእርሱ ቁጥጥር ሥር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

«መነጽር» የሚለው ቃላችን «ነጸረ»፣ ማለትም ተመለከተ፣ ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ነው፤ መመልከቻ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የዓይን ሕመም ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ምኒልክ ሆስፒታልን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኦፕቶሜትሪስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል። ሆኖም በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። እይታቸው ከደከመው ውስጥ ሲሦ ያህሉ ችግራቸው በመነጽር የሚስተካከል ነበር። በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የዞረበት ሰው ብዛትም በሴቶች ከወንዶች እጥፍ በላይ ነበር፤ ሕፃናትን የሚያቅፉ፣ ፊታቸውን የሚያብሱ፣ በሽታውን ከእነርሱ የሚቀበሉ ሴቶች ናቸውና።

ስለዚህ በአገራችን አንዲት ረዳት የምታገኘው ደንበኛ ብዙ ጊዜ ሐኪም ፊት ቀርቦ የማያውቅ ሰው ነው። ዓይኑ የቀላ፣ ብርሃን ሲያይ የሚያመው፣ ድንገት ያጨለመበት ወይም ጉም የጋረደው ሰው መጥቶ «ጠንከር ያለ መነጽር ስጪኝ» ይላታል። የዓይን ሞራን መነጽር አያነሣውም። ያወቀች ረዳት «አባባ፣ ይሄ በመነጽር አይሆንም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይዩ» ትላለች። ያላወቀች ትሸጥለታለች። ባለቤቱ የሚከፍላት በሸጠችው ልክ ከሆነ ደግሞ እያወቀችም ልትፈተን ትችላለች። አንዳንድ አባሎቻችን የሚያነሡት ቅሬታ ይኸው ነው። ደንበኛውን ወደ ሐኪም የላኩበት ቀን ኮሚሽን የሌለበት ቀን ይሆናል።

በእጃቸው ላይ ያለው ቁጥር

«ሽያጭ ነው» ለሚሉ አባሎቻችን ሥራውን በቁጥር እናሳይ። በማዘዣው ላይ የቀኝና የግራ ዓይን ኃይል፣ ሲሊንደሩ፣ ሲሊንደሩም የሚቀመጥበት ማዕዘን ከ1 እስከ 180 ዲግሪ ተጽፎ ይመጣል። አንዱ ሐኪም ሲሊንደሩን በመቀነስ፣ ሌላው በመደመር ይጽፋል። +2.00 ከ −1.00 በ90 የሚለውና +1.00 ከ +1.00 በ180 የሚለው አንድ ሌንስ ነው። ይህን የማታውቅ ረዳት ደንበኛው ቁጥሩ የተለወጠ ይመስላታል። ለእኛ ደግሞ አንድ ሒሳብ በሁለት መንገድ እንደተመዘገበ ማለት ነው፤ ማስታረቅ የሚችል ሰው ይፈልጋል።

ከዚያ በሁለቱ ዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ይለካል፤ የሌንሱ መካከል ከብሌኑ ፊት ለፊት መዋል አለበት። ስህተቱን ለማስላት ሌንሱ ከቦታው የራቀበትን ሴንቲ ሜትር በሌንሱ ኃይል ማባዛት ነው። የ−5 መነጽር የሚያደርግ ሰው ሌንሱ በአንድ ዓይን 4 ሚሊ ሜትር ቢስትበት፣ 0.4 በ5 ሲባዛ 2 ይሆናል። ዓይኑ ባላስፈለገው ጊዜ የ2 ፕሪዝም ጫና ይሸከማል። ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ አንዳንዴም ነገር ሁለት ይሆንበታል። ሐኪሙ ትክክል ነው፣ ሌንሱም ትክክል ነው፤ የተሳተው ጠረጴዛው ላይ ነው። ደንበኛው ግን ይህን አያውቅም። «መነጽር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል።

ሌላም አለ። የመጣውን ሌንስ በሌንስ መለኪያ መሣሪያ ከማዘዣው ጋር ማመሳከር፣ ፍሬሙን አሙቆ ከጆሮና ከአፍንጫ ጋር ማስማማት፣ ለቅርብ የተሰጠ መነጽር መንገድ ለመሄጃ እንደማይሆን ማስረዳት፣ የደንበኛውን መዝገብ መጠበቅ፣ ለልጅ በየጊዜው ቁጥሩ እንደሚለወጥ ለእናቱ መንገር። ይህ ሁሉ የሚማሩት ነገር ነው።

ዋጋው ስንት ነው?

ዕድሜ ወደ አርባ ሲጠጋ የዓይን ውስጣዊ ሌንስ መተጣጠፉን ይቀንሳል፤ መርፌ ማስገባት፣ ጥልፍ መሥራት፣ ሩዝ መልቀም፣ ደረሰኝ ማንበብ ይቸግራል። በሽታ አይደለም፤ ሁሉም ይደርስበታል። ከመካከላችን «ዓይኔ ደከመ» ብለው ስፌት የተዉ፣ የቁጠባ ደብተራቸውን ለልጃቸው የሚያስነብቡ እናቶች አሉ።

በ2018 የታተመ ጥናት በሕንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 751 ሻይ ለቃሚዎችን ተከታትሏል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የቅርብ መነጽር ያገኙት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የለቀሙት መጠን 21.7 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። በ2024 የታተመ የባንግላዴሽ ጥናት ደግሞ 824 ሰዎችን አሳትፎ የማንበቢያ መነጽር ያገኙት ወርሃዊ ገቢያቸው ከስምንት ወር በኋላ 33.4 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ብድር ሰጥተን ይህን ያህል ገቢ የጨመረልን ሥራ ብዙ አይደለም።

ለጉባኤው የምናቀርበው

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የመነጽር ቤት ረዳትነት በሥልጠና ብድር ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ሥልጠናውም ከኦፕቶሜትሪስት ሥር የሚሰጥ፣ ማዘዣ ማንበብን፣ ልኬትንና ሐኪም ዘንድ መላክ የሚገባውን ሰው መለየትን የሚያካትት ይሁን። ሁለተኛ፣ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆኑ አባላት በዓመት አንድ ቀን የዓይን ምርመራ ይዘጋጅ፤ የማንበቢያ መነጽሩንም በትንሽ ቁጠባ ተከፍሎ የሚያልቅ እናድርገው። ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀው ለዚህኛው ነው፤ እርዳታው ወደ ነጠላ ዕቃ ሳይሆን ተመላሽ ወደሚሆን ገንዘብ ይግባልን። ሦስተኛ፣ ገንዘብ የማይጠይቀው፣ በአባላት መዝገብ ላይ «ሽያጭ» የሚለው ተሰርዞ «የመነጽር ባለሙያ ረዳት» ይባል።

ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ደመወዝ ለመደራደር የምትገባ እህታችን በእጇ የሚኖረው ወረቀት ከዚህ መዝገብ የሚወጣው ነው። በለንደን ሱቅ ይዘው ስማቸው ሳይጻፍ ካለፉት ሴቶች እስከ ዛሬ የቆየው ነገር ይኸው ነው፤ ሥራው አለ፣ ስሙ የለም። የራሳችንን መዝገብ የምንጽፈው ግን እኛ ነን። ድምፅ በምንሰጥበት ቀን ከመነጽር ቤት የሚሠሩ አባሎቻችን መሣሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ማዘዣ እንዴት መነጽር እንደሚሆንም በጉባኤው ፊት ያሳያሉ። አይታችሁ ወስኑ።